የጽጌረዳ ቁራጮቼ ሥር አልሰጥ አሉኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ታናሽ እኅቴ ስትመረቅ ከተሰጣት እቅፍ አበባ ውስጥ ስድስት ቀይ ጽጌረዳዎች ነበሩ። አበባው ሲጠወልግ ግንዱ ገና አረንጓዴ ስለነበር መጣሉን አንጀቴ አልችል አለ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን አንድ ስንዝር ያህል አድርጌ ከአንጓው በታች በሰያፍ ቆረጥሁ፤ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ተውሁ። የታጠበ አሸዋና አፈር እኩል ቀላቅዬ ተከልኋቸው፣ በተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስም ከደንኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ሲያቆጠቁጡ ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ፤ እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር! ከዚያ ግን አራቱ ከታች ወደ ላይ እየጠቆሩ ሞቱ። አንዱን ነቅዬ ሳየው ሥር የሚባል ነገር የለውም። ለካ ቡቃያው የወጣው ግንዱ ውስጥ በቀረው ስንቅ ኖሯል። የተረፉት ሁለቱ ከታች በተቆረጠው ጫፋቸው ላይ ነጭ እብጠት አላቸው፣ ሥር ግን የላቸውም።

ብርዱን እጠረጥራለሁ። ቁራጭ ሥር ለመስደድ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሙቀት ይወዳል፤ እዚህ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ማታ ማታ ወደ ቤት ባስገባቸውም ቤቱ ራሱ ይቀዘቅዛል።

የእርሻ ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተቀጥሎ እንደሚያድግ አውቃለሁ፤ ታዲያ በራሱ ሥር አውጥቶ የጸደቀለት ሰው በደጋ አለ? ቡቃያውን ልቀንጥሰው ወይስ ልተወው? ማድቤት ምድጃ አጠገብ ባስቀምጣቸው ጭሱ ይጎዳቸዋል? ጠርሙሱንስ በየቀኑ ላናፍሰው? ሁለቱ ሳይሞቱብኝ ቶሎ ንገሩኝ።