ሮም ከእናቴ ጋር ለአንድ ቀን፣ ሳንሯሯጥ ምን እንይ?

የበርሊኗ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች፣ በሚቀጥለው ወር ሮምን ላሳያት አስቤያለሁ። ሁለት ሌሊት እናድራለን፣ ግን ለመዞር የሚተርፈን አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ አትችልም። ችግሩ ደግሞ ደከመኝ የምትል ሴት አይደለችም፤ ዝም ብላ ትከተልና ማታ እግሯ አብጦ ይገኛል። የአክስቴ ልጅ ዝርዝር ልኮልኛል፦ ኮሎሲየም፣ ፎረም (የጥንቷ ሮም ፍርስራሽ)፣ የቫቲካን ሙዚየም፣ የትሬቪ ፏፏቴ፣ የስፔን ደረጃ፣ ፓንቴዎን፣ ትራስቴቬሬ ሰፈር፣ ሁሉም በአንድ ቀን። ሳነበው ብቻ ደከመኝ። ምኑን ልሰርዝ? ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው፣ ምን ትበላለች የሚለውም አሳስቦኛል።

ቻው_ቤላ፦
ሮም ድረስ ሄዶ ኮሎሲየም ሳይገቡ መመለስ ምን የሚሉት ነው? ቲኬቱን ቀድመሽ ኦንላይን ግዢ፣ ጠዋት በር ሲከፈት ግቡ፣ ሁሉም ይደርሳል። እኔና ጓደኞቼ በአንድ ቀን አዳርሰነዋል።

ተርሚኒ_ሰፈር፦
ቻው ቤላ፣ አንተና ጓደኞችህ ጉልበት አላችሁ። እዚህ የምንኖር ሰዎች ዘመድ በመጣ ቁጥር ማስጎብኘት ስራችን ነው፣ እና ሽማግሌ ይዞ መሮጥ የሚያመጣውን ጣጣ እናውቀዋለን። እኅቴ፣ ሁለት ነገር ብቻ ምረጪ። አንዱን ከምሳ በፊት፣ ሌላውን ከ10 ሰዓት በኋላ። መሀሉ ላይ ሆቴል ተመልሳችሁ እናትሽ እግራቸውን ዘርግተው ይተኙ። ይሄን ካላደረግሽ የቀረው ምክር ሁሉ ዋጋ የለውም።

የቫቲካን ሙዚየም ይሰረዝ። ረጅም ኮሪደር፣ ከኋላ የሚገፋ ሰው፣ ለሰዓታት መቆም ነው። የስፔን ደረጃም ይሰረዝ፤ ስሙም ደረጃ ነው፣ መቀመጥ ደግሞ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስቀጣል። ኮሎሲየም ውስጡ ሊፍት አለው፣ ግን ሰልፉና ፀሐዩ አለ፣ ከሱ አያይዘሽ ፎረም ከገባሽ ደግሞ የጥንቱ ድንጋይ ላይ መንገዳገድ ነው። በታክሲ በአጠገቡ እለፉ፣ ውጪውን ማየት ይበቃል። ፎረሙን ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ጀርባ ካለው መመልከቻ ሆናችሁ ቁልቁል ታዩታላችሁ፣ በነጻ።

ጠዋት ፓንቴዎን ሂዱ። መግቢያው ይከፈልበታል፣ ወደ ላይ የምትወጡት ደረጃ የለም። ወደ 1,900 ዓመት ገደማ የሆነው ሕንጻ ነው፤ ጉልላቱ 43 ሜትር ስፋት አለው፣ አናቱ ላይ 9 ሜትር የሚሆን ክፍት ቀዳዳ አለ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በቀዳዳው ገብቶ ወለሉ ላይ ባሉ ትናንሽ ማስወገጃዎች ይወርዳል። ከ609 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አግዳሚ ወንበር አለው፣ እናትሽ ቁጭ ብለው ቀና ብለው ማየት ይችላሉ። ለኔ ከኮሎሲየም ይበልጥብኛል፣ አሁን ሰው ይሰድበኛል።

ከዚያ ናቮና አደባባይ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ግን መንገዱ በጥቁር ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ አይታሰብም። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆመሽ ስትጠጪ ርካሽ ነው፣ አደባባዩ ላይ ተቀምጠሽ ሲሆን ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ክፈዪ። የምትከፍዪው ለወንበሩ ነው፣ ያን ቀን ደግሞ ወንበር ከቡና ይበልጣል። ውሃ አትግዢ፣ መንገድ ዳር ቀን ከሌት የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ውሃቸው ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛም ነው።

ጾሙ ቀላል ነው። ፒሳ ማሪናራ በያት፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ጄላቶ ቤት ደግሞ ከፍራፍሬ የተሰራውን ሶርቤት ጠይቂ፣ ወተት እንደሌለበት ግን አረጋግጪ። ካልሆነ ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም፣ ዓርብ በያይነቱ አለ።

ለማታው ፖርታ ካፔና አደባባይን አስቢ። ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ አጠገብ ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሕንጻ ፊት ለፊት። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። ጣሊያኖች በ1937 (እ.ኤ.አ.) ወሰዱት፣ በ1947 የሰላም ውል ሊመልሱ ፈረሙ፣ የመለሱት በ2005 ነው፣ ሦስት ቦታ ተቆርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን። አሁን ሁለት ዓምዶች ቆመዋል፣ በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ላይ በደረሰው ጥቃት የሞቱት መታሰቢያ ነው። የፋኦ ሕንጻ ራሱ የተጀመረው ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ታስቦ ነው። ከዚያ በታክሲ ወደ ብርቱካን አትክልት ስፍራው ውጡ፣ አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ከሩቅ ይታያል። መቀመጫ አለ፣ መግቢያ የለውም።

ጉልበት_አልባ፦
በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን የኢትዮጵያ እናት ሮም ድረስ መጥታ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ብቻ አይታ ትሂድ? አልተዋጠልኝም። ሙዚየሙን ተዉት፣ ባዚሊካው ግን መግቢያው ነጻ ነው። ማልዳችሁ ከሄዳችሁ የፍተሻው ሰልፍ አጭር ነው፣ በ4 ሰዓት ከሆነ አደባባዩን ይዞራል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፣ ነጠላ የለበሰች እናት ግን ማን ያስቆማታል። ጉልላቱ ላይ እንውጣ የሚል ካለ እምቢ በሉ፣ ሊፍት ቢኖርም ከሱ በኋላ ከ300 በላይ ደረጃ ይቀራል።

ሌላም ልንገርሽ። ከባዚሊካው ጀርባ፣ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የአበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የእኛ መነኮሳት ያረፉበት የነበረ ነው። በ1513 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ የታተመው የግእዝ መዝሙረ ዳዊት፣ በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ከነሱ የተማረ ጀርመናዊ ያሳተመው ነው። አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ እዚያው ሆነው በ1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳትመዋል። እንደፈለጉ ዘው የሚባልበት ቦታ አይደለም፣ ግን እናትሽ ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ባዚሊካው ውስጥ ቁጭ ብለሽ ይሄን ብታጫውቻቸው ከየትኛውም አስጎብኚ ይበልጣል።

ቻው_ቤላ፦
እሺ ተሸነፍኩ 😅 ትሬቪን ግን ተዉላት እንጂ!

ተርሚኒ_ሰፈር፦
ትሬቪ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ከሆነ ይሁን። ከዚያ በኋላ የምታዪው የሰው ጀርባና የስልክ እጅ ነው።

የበርሊኗ፦
በጣም አመሰግናለሁ! ለእማዬ አነበብኩላት። ሐውልቱ የነበረበትን ስትሰማ «ባዶ ቦታ ምን ያሳያል?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «መጀመሪያ እሱ ጋ ነው የምንሄደው» አለች። ስለዚህ ማታ ያላችሁት ጠዋት ሆኗል፣ ከሰዓት ቅዱስ ጴጥሮስ፣ ፓንቴዎን እንደ አቅሟ። መንገደኛ ስለሆንኩ በስድስት ሰዓት እበላለሁ ብላለች፣ ፒሳዋም ተስማምታታለች። ሆቴላችን ተርሚኒ አጠገብ ነው፣ እዚያስ የሚታይ አለ?

ተርሚኒ_ሰፈር፦
ከሰዓት ከሆነ ሰልፉ ይረዝማል፣ ጃንጥላ ያዢ፣ ለፀሐይ ነው። ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ ይባላል፣ ራስ አሉላ በ1887 (እ.ኤ.አ.) ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው እልፍ ብሎ ዛፍ ስር ነው፣ ከግብፅ የመጣ አጭር ሐውልት። ለገሃር ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ተዘርፎ የተቀመጠው እሱ ስር ነበር፣ የተመለሰው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የዘርዓይ ደረስም ታሪክ ከዚሁ አንበሳ ጋር ይነሳል። እናትሽ ሳያውቁት አይቀሩም፣ ጠይቂያቸው።

ወደ ቫቲካን 64 ቁጥር አውቶቡስ ከተርሚኒ በቀጥታ ይወስዳችኋል፣ ግን የኪስ አውላቂዎች መናኸሪያ ነው። ቦርሳውን ወደ ፊት። ለሁለት ሰው ከሆነ ታክሲውን ያዙ፣ ተራ ላይ ቆመው ከሚጠብቁት ነጫጮቹን።