የወንድሜ እጅ አልታዘዝ ያለው ከሕመሙ ነው ከመድኃኒቱ?

የምጽፈው ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና አካባቢ ነው። ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬንያ የሚሉት የአእምሮ ሕመም አለበት። መጀመሪያ ፀበል ወሰድነው፣ ቀጥሎ ሆስፒታል። አሁን ሃሎፔሪዶል የተባለ የዚሁ ሕመም መድኃኒት ይወስዳል። የሌለ ድምፅ መስማቱ ቀንሶለታል፤ ተመስገን።

ያስጨነቀኝ እንቅስቃሴው ነው። የሸሚዙን ቁልፍ ሲቆልፍ ጣቱ ቀዳዳውን ይስታል። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መዳፉን ቶሎ ቶሎ እንዲያገላብጥ ስነግረው ትንሽ ይሠራና ይወሳሰብበታል። ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ በቀጥታ ሲራመድ ይንገዳገዳል። አረቄ ባፉ ዞሮ አያውቅም።

ባለሙያው "የመድኃኒቱ ጠባይ ነው" ብሎ መጠኑን ቀነሰ፤ መንቀጥቀጥና ግትርነት የሚያስታግስ ትራይሄክሲፈኒዲል የተባለ መድኃኒትም ጨመረለት። መንቀጥቀጡና ግትርነቱ ለቀቀው። አለመቀናጀቱ ግን ያው ነው። እኔን የሚከነክነኝ ደግሞ ሌላ ነው። መድኃኒት ሳይጀምር በፊትም እርፍ ሲይዝ ትልሙ ይጣመምበት ነበር። ድሮ እኮ በእርሻ የሚስተካከለው አልነበረም!

ሳነብ፣ እንዲህ ያሉ ረቂቅ ምልክቶች መድኃኒት ቀምሰው በማያውቁ የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎችም ላይ እንደሚታዩ አየሁ። እንቅስቃሴን የሚያስተካክለው ትንሹ አንጎል፣ ሴሬቤለም የሚሉት፣ እጁ ሳይኖርበት አይቀርም ይባላል። ናንሲ አንድሪያሰን የተባለች አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ይኸው ክፍል ሐሳብንም በማቀናጀት ድርሻ እንዳለው ጽፋለች። ግን ትንሹ አንጎል በራሱ ሌላ በሽታ ይዞት ቢሆንስ? ሐኪሞቹ ሁሉን በስኪዞፍሬንያው እንዳያሳብቡት እፈራለሁ።

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ልወስደው ነው። ከሕመሙ፣ ከመድኃኒቱና ከትንሹ አንጎል በሽታ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ምን ዓይነት ምርመራ ልጠይቅለት?