ኬንዶ፣ ኬንጁትሱ፣ ኢያይዶ፦ ሁሉም «የሰይፍ ጥበብ» ናቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጃፓን የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ኬንዶ፣ ኬንጁትሱ፣ ኢያይዶ፣ ባቶጁትሱ ይላል። አራቱንም «የሰይፍ ጥበብ» ብዬ ላልፍ ነበር፤ ግን ቅር አለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

— ቅር ማለትሽ ልክ ነው እህቴ። ከጭራቸው እንጀምር። «ዶ» መንገድ ማለት ነው። ጁዶ ላይ ያለው እሱ ነው፤ የኮሪያው ቴኳንዶ «ዶ»ም የሚጻፍበት የቻይና ፊደል ያው ነው። «ጁትሱ» ደግሞ ብልሃት፣ ሙያ ነው።

ስለዚህ ኬንጁትሱ ሳሙራዮች፣ የድሮ የጃፓን ጦረኞች፣ ለውጊያ የተማሩት የሰይፍ ብልሃት ነው። በጥንቶቹ ትምህርት ቤቶች ዛሬም ሁለት ሰዎች የእንጨት ሰይፍ ይዘው፣ ፊት ለፊት ቆመው፣ አስቀድሞ የተወሰነውን ምትና መከታ ይለማመዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1876 ሰይፍ ታጥቆ መሄድ ተከለከለ። የውጊያው ጥቅም ሲቀር ሰውን ማነጽ ጎላ፣ «ዶ» የሚለውም ስም ጸና። ኬንዶ የቀርከሃ ሰይፍ፣ መከላከያ ልብስና ውድድር አለው። ነጥብ የሚያስገኘው ራስን፣ የእጅ አንጓን፣ ጎንን ወይም ጉሮሮን ማግኘት ነው። ጎን ላይ የሚያርፈው ምትም «ዶ» ይባላል፤ ድምፁ አንድ ነው፣ ቃሉ ግን ሌላ። እዚያ ላይ እንዳትሳሳቺ።

«ባቶ» መምዘዝ ነው። ይህን ግስ በጣም እወደዋለሁ። ጎራዴ ይመዘዛል፣ ነገር ይመዘዛል፣ «መዘዝ»ም ከዚሁ ይወጣል። ባቶጁትሱን «የመምዘዝ ብልሃት» ብትይው ምንም አይጎድልበትም። ኢያይ ግን ይከብዳል። የመጀመሪያው ፊደል መኖር፣ ሁለተኛው መግጠም ነው፤ ባለህበት ሆነህ የመጣብህን መግጠም እንደ ማለት። ልምምዱ በአብዛኛው ለብቻ ነው። ከአፎት መዝዞ በዚያው መቁረጥ፣ ደም እንደ ማራገፍ ማድረግ፣ ቀስ ብሎ ወደ አፎት መመለስ። እኔ «ኢያይዶ» ብዬ ትቼ አንዴ አብራራው ነበር።

— እኔ ደግሞ «ሰይፍ» የሚለው ላይ ልጨምር። «ኬን» በጥንት ትርጉሙ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው። የሳሙራዮቹ ሰይፍ ካታና ግን ባለ አንድ አፍና ቆልመም ያለ ነው፤ ለእኔ ጎራዴ ነው። ለጥበቡ ስም ሰይፍ፣ ለመሣሪያው ጎራዴ ብትይ ደስ ይለኛል።

— ተቀብያለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፉ ውስጥ «ቆልማማነታቸው አልገጠመም» የሚል አለ፣ ስለ ሁለት ባልደረቦች። እሱስ?

— እሱ ከጎራዴና ከአፎት የመጣ ነው። የጎራዴው ቆልማማነት ከአፎቱ ጋር ካልገጠመ አይገባም። ሰዎቹ ባሕርያቸው አልተጣጣመም ማለት ነው። «ዓይንና ናጫ ናቸው» እንዳትይው፣ እሱ ጠላትነት ነው። «አልተግባቡም» ይበቃል።