ሪፈር ልትገቡ ላሰባችሁ፦ ማይሉን ሳይሆን ሰዓቱን ቁጠሩ

እዚህ አሜሪካ ሲዲኤል (የትልቅ ትራክ መንጃ ፈቃድ) አውጥተው «ድራይ ቫን ልያዝ ወይስ ሪፈር?» ብለው የሚጠይቁ ወንድሞችና እህቶች በዝተዋል። ድራይ ቫን ተራው የተዘጋ ትሬለር ነው፤ ሪፈር ደግሞ ምግብ የሚጫንበት፣ ማቀዝቀዣ ያለው። የሚያገኙት መልስ ሁሌም አንድ ነው። «ሪፈር ግባ፣ ሰው መብላት አያቆምም፣ ሥራ አይጠፋም» ይባላሉ። ልክ ነው። በማይል የሚከፈለውም ብዙ ጊዜ ከድራይ ቫን ይሻላል። እኔም ሪፈር ጎትቻለሁ፣ ቤተሰብ አስተዳድሬበታለሁ። ግን ስለ ማይሉ ዋጋ እንጂ ቆማችሁ ስለምታሳልፉት ሰዓት የሚነግራችሁ ጥቂት ነው።

ትልቁ ጣጣ መጠበቅ ነው። የምግብ መጋዘኖች ብዙዎቹ ጭነት የሚቀበሉት ሌሊት ነው። ቀጠሮው ለ3 ኤኤም ይሰጣችኋል። በሰዓቱ ደርሳችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ዶክ (የማራገፊያ በር) እስኪሰጣችሁ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ ላምፐር የሚባሉት አራጋፊዎች ያራግፋሉ፣ ፓሌቱን እንደገና ይደረድራሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ሙቀት ይለካሉ። ግማሽ ቀን እዚያው ሊያልፍ ይችላል። ሕጉ ደግሞ 11 ሰዓት እንድትነዱ የሚፈቅደው ሥራ ከጀመራችሁበት በሚቆጠር 14 ሰዓት ውስጥ ነው። ዶክ ላይ ስለቆማችሁ ያ 14 ሰዓት ዝም ብሎ አይቆምላችሁም። ዲቴንሽን የሚባለው፣ ቆማችሁ ለጠበቃችሁት የሚሰጥ ክፍያም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 ሰዓት በኋላ ነው፤ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ሰዓት ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ እሱንም ማግኘት መከራ ነው።

መፍትሔ የሚሆን ነገር አለ፣ በደንብ ተማሩት። በ2020 የተሻሻለው ሕግ ግዴታ የሆነውን የ10 ሰዓት እረፍት ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይፈቅዳል። አንዱ ቢያንስ 7 ሰዓት ትራኩ ውስጥ ባለው አልጋ ላይ፣ ሌላው ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ተደምረው 10 መሙላት አለባቸው። በትክክል ከተጣመሩ ሁለቱም ከ14ቱ ላይ አይቆጠሩም። በእውነት ከሥራ ነፃ ሆናችሁ የጠበቃችሁት ጊዜ በዚህ መንገድ ሊጠቅማችሁ ይችላል።

ሰዓታችሁ አልቆ «ከግቢያችን ውጡ» ስትባሉስ? በዚያ ሌሊት የትራክ ማቆሚያ ሁሉ ሞልቷል። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። በ2009 ጄሰን ሪቨንበርግ የሚባል የኒው ዮርክ ሹፌር ወተት ጭኖ ሲሄድ፣ ማራገፊያው ከመከፈቱ በፊት ስለቀደመ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ላይ ቆሞ አረፈ። እዚያው ዘራፊ ገደለው። በ2012 ስለ ትራክ ማቆሚያ የወጣው «የጄሰን ሕግ» የተሰየመው በእሱ ነው። ሕጉ ወጣ፣ የማቆሚያ እጥረቱ ግን ዛሬም አለ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትቀበሉ ከዚያ በኋላ የት እንደምታድሩ አብራችሁ ወስኑ።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። የማቀዝቀዣው ሞተር ያለው በትሬለሩ ፊት በኩል፣ ከአልጋችሁ ጀርባ ነው። አትክልት ስትጭኑ ብዙ ጊዜ ያለማቋረጥ ይሠራል። በረዶ ሆኖ ለሚሄድ ምግብ ደግሞ እየጠፋ እየተነሳ ነው የሚሄድ። ለእኔ ከማያቋርጠው ይልቅ ይሄኛው ይብሳል፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ይነሳል። ሌሊት በቀጠሮ፣ ቀን በጩኸት እንቅልፍ ያጣ ሰው 80,000 ፓውንድ ይዞ መንገድ ላይ ሲወጣ ያሳስበኛል።

ሦስተኛው ኃላፊነቱ ነው። ሰላጣ 34 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ይፈልጋል፣ አይስክሬም ከዜሮ በታች 20 ሊታዘዝ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ከቁጥሩ በፊት ያለችውን የመቀነስ ምልክት ሳያይ ያለፈ ሰው ሙሉ ጭነት ያበላሻል። ሌላም አለ። ሪፈር የተሠራው ቀዝቅዞ የመጣውን እንደቀዘቀዘ ለማቆየት ነው እንጂ ትኩሱን ለማቀዝቀዝ አይደለም። ላኪው ሞቅ ያለ እንጆሪ ቢጭንባችሁና ዝም ብላችሁ ብትፈርሙ፣ መድረሻው ላይ ጥፋቱ የእናንተ ይመስላል። ስለዚህ ሲጫን ቴርሞሜትር ፍሬው ውስጥ ወግታችሁ ለኩ። ቁጥሩ ካልተስማማ ሳትፈርሙ ሥራ ለሚመድብላችሁ ዲስፓቸር ደውሉ፣ ፎቶ አንሱ፣ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። የትሬለሩን በር ማኅተምም ተቀባዩ ሳያይ ማንም እንዳይቆርጠው። ማኅተሙ ተቆርጦ የደረሰ ምግብ ምንም ሳይሆን ሊመለስ ይችላል።

በፌዴራል ሕግ ለጭነቱ ጉዳት በመጀመሪያ የሚጠየቀው አጓጓዡ ነው። በራሳችሁ ኢንሹራንስ የምትሠሩ ከሆነ የሪፈር ብልሽት በውሉ ውስጥ መኖሩን አንብባችሁ አረጋግጡ። ተራው የጭነት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም። የሚሸፍነውም የጥገና መዝገብ ሊጠይቅ ይችላል።

ትናንሾቹም ይደማመራሉ። ትሬለሩ ከድራይ ቫን ይከብዳል፣ ስለዚህ የምትጭኑት ያንሳል። ለማቀዝቀዣው ለብቻው ነዳጅ ይሞላል። ከሥጋ በኋላ ሌላ ምግብ ልትጭኑ ከሆነ ማሳጠብ አለ። ካሊፎርኒያ የምትገቡ ደግሞ የጭስ ደንባቸውን የማያሟላ ያረጀ የማቀዝቀዣ ሞተር እንደማይፈቀድ እወቁ።

አትግቡ ለማለት አይደለም። ልጅ የሌለው፣ ሌሊት መንዳት የማይከብደው ሰው ሊሆነው ይችላል። ትንንሽ ልጆች ላላችሁ ግን፣ በተለይ በበዓል ሰሞን ምግብ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ስለሆነ እናንተም መንገድ ላይ ናችሁ፤ ከባለቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ካምፓኒው ዘንድ ስትሄዱም «በማይል ስንት?» ብቻ አትበሉ። ዲቴንሽን ከስንተኛው ሰዓት ጀምሮ ለሹፌሩ ይደርሳል? ላምፐሩን ማን ይከፍላል? ጭነት ተመላሽ ሲሆን ከደሞዜ ይቆረጣል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ሳትይዙ አትፈርሙ።