ካራ ብትል ምን አጠፋች?

የደሴዋ፦
የወንድሜ ልጅ ትናንት የአማርኛ ደብተሯን ይዛ እያለቀሰች መጣች። የቤት ሥራው ሥዕል አይቶ ስሙን መጻፍ ነው። በቢላዋው ሥዕል ሥር «ካራ»፣ በመጥረቢያው ሥር «ምሳር» ብላለች። ሁለቱም በቀይ ተሰርዘው ከጎናቸው «ትክክለኛውን አማርኛ ተጠቀሚ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ልጅቷ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው፤ ቃሉን የወረሰችው ከአያቷ ነው። ነጥቡ ለእኔ ምንም አይደለም። ግን እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሽንኩርት በካራ ስትከትፍ የኖረችው በየትኛው ቋንቋ ነው?

ጠመኔ፦
የልጅቷ መምህር አይደለሁም፤ ሙያው ግን ሙያዬ ነው። ክፍሌ ውስጥ ከአርባ በላይ ልጆች አሉ። የአንዱ እናት ከነቀምት፣ የሌላው አባት ከወልድያ፣ የሦስተኛው ከወልቂጤ ናቸው። አንዱ ካራ፣ አንዱ ቢላ፣ አንዱ ቢላዋ ብሎ ሲጽፍ ሁሉንም ትክክል ነው ካልኩ፣ የጋራ ፈተና ሲመጣ ማን ይጠየቅልኛል? ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሁሉም የሚግባባበትን አማርኛ ነው። አያቷ ቤት ካራ ትበል፣ ማን ከለከላት? ፈተና ላይ ግን አካፋን አካፋ ማለት ነው።

የደሴዋ፦
«ሁሉም የሚግባባበት።» ይህ «ሁሉም» የሚባለው ማን ነው? ወሎ ካራ ይላል፣ ጎጃም ካራ ይላል፣ ጎንደር ካራ ይላል። እነዚህ ከወጡ በኋላ የሚተርፈው ሰው ነው «ሁሉም»?

የቢቸና ሰው፦
መምህር፣ በአካፋ ማን ተጣላዎት? አካፋ ቢቸናም አካፋ ነው፣ ቦሌም አካፋ ነው። ጠቡ በካራ ነው። ካራ የአሮጊቶች ወግ ብቻ ከመሰለዎት የቦሩ ሜዳን የሃይማኖት ጉባኤ ያስታውሱ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በተቀመጡበት፣ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ሊቃውንቱ ሲከራከሩ፣ ለክርስቶስ ሁለት ልደት የሚሉት ወገኖች ሦስት ልደት በሚሉት ባላጋራዎቻቸው የወጣላቸው ስም ምን ነበር? ካራ! ሦስተኛውን ልደት ቆርጠው ጣሉ ተብለው። ያን ጊዜ አንድም ሊቅ እጁን አውጥቶ «ካራ ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ሸዋውም ትግሬውም ጎጃሜውም ተግባብቶበታል።

ፊደል ጠባቂ፦
ተግባብተውበት? ተጣልተውበት ነው እንጂ። ይልቅ እኔን ያሳቀኝ ሌላ ነው። «አካፋን አካፋ» የሚለው አባባል ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው። ለትክክለኛ አማርኛ የሚሟገት መምህር በፈረንጅ አካፋ ሲቆፍር ማየት ደስ ይላል።

ጠመኔ፦
ከየትም ይምጣ፣ ገብቶሃል። ቁም ነገሩ እሱ ነው።

ፊደል ጠባቂ፦
ካራም ለልጅቷ መምህር ገብቷቸዋል። ባይገባቸው ኖሮ «ቢላዋ» ብለው አያርሙትም ነበር።

የደሴዋ፦
ይኸው! ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ተግባብተዋል፤ ከተግባቡ በኋላ ነው የሰረዙባት።

ጠመኔ፦
እሺ፣ በመጽሐፍ እንነጋገር። አብርሃም ልጁን ሊያርድ ያነሣው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቢላዋ ነው፤ ካራ አይልም። በዚያ ዘመን የጎጃም ሊቅ ጠፍቶ አይደለም እንዲህ የተጻፈው። ለአገር የሚሆን አንድ ቃል መመረጥ ስላለበት ነው።

የቢቸና ሰው፦
መጽሐፍ ከተነሣማ ማቴዎስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 10ን ይግለጡት። «ምሳር በዛፎች ሥር ተቀምጦአል» ነው የሚለው፤ መጥረቢያ አይልም። ልጅቷ ምሳር ብላ ተሰርዞባታል። መጥምቁ ዮሐንስንም በቀይ እንሰርዘው?

ጠመኔ፦
የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል አሉ። እኔ ደግሞ ገና አልወደቅኩም።

ፊደል ጠባቂ፦
«የወደቀ ግንድ መጥረቢያ ይበዛበታል» አላሉም። ልብ ይበሉልኝ።

ምናለሽ ተራ፦
ሻጭ ነኝ፤ የእጅ መሣሪያ ስሸጥ ነው የምውለው። መምህሩም እኅታችንም የዘለላችሁት ነገር አለ፦ ስሙ ሲለያይ ብዙ ጊዜ ዕቃውም ይለያያል። ምሳር ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ግንድ የሚጥልበት፣ ማገዶ የሚፈልጥበት ወፍራም ብረት ይፈልጋል። የከተማ አናጺ መጥረቢያ ሲለኝ ቀጭን፣ አፉ ሰፊ፣ እንጨት የሚጠርብበት ነው፤ ስሙም ከመጥረብ የመጣ ነው። ከወደ ራያ የመጣ ደንበኛ ፋስ ካለኝ ትንሹን አወጣለታለሁ። ለቡና ማሳ ምንጣሮ የሚገዛው ቀጥ ያለውን ገጀራ ይላል፣ ጫፉ ጎበጥ ያለውን ቆንጨራ ይላል። የሁሉም ብረት ግን አንድ ነው፦ የአይሱዙ ባሌስትራ። ቀጥቃጩ ከሰል ላይ ያቀላውና ይቀጠቅጠዋል፤ ቅርጹን ሲይዝ እንደ ጋለ ውኃ ውስጥ ቢነክረው ሊሰነጠቅበት ይችላል፤ ስለዚህ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ይከተዋል። ጢሱ ከልብስ አይለቅም። እና መምህሩ ሱቄ መጥተው «ሁሉም የሚግባባበትን መጥረቢያ ስጠኝ» ቢሉኝ የቱን አንሥቼ እንደምሰጣቸው አላውቅም።

የቢቸና ሰው፦
ይህ የእርስዎ ሱቅ ሕግ ነው። እኛ ጋ ምሳር ይፈልጣልም ይጠርባልም። አንድ ገበሬ ለፍልጥ አንድ፣ ለጥርብ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያመጣል?

ምናለሽ ተራ፦
ሕግ አላወጣሁም፤ የሚጠይቁኝን ነው የነገርኳችሁ። ደግሞ ቢቸና ያላችሁት ነጋዴዎች በዓመት ስንት ጊዜ እንደምትመጡ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሁለቱንም ዓይነት ነው የምትጭኑት።

ካቻቪቴ፦
የጋራዥ ሰው ነኝ። መምህር፣ የሁሉም አማርኛ ካሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ካቻቪቴ በትክክለኛው አማርኛ ምን ይባላል?

ጠመኔ፦
ብሎን መፍቻ።

ካቻቪቴ፦
ብሎንም የጣሊያን ቃል ነው። መፍቻ ደግሞ እኛ ጋ ሌላ ዕቃ ነው፤ ረዳቴን «አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አምጣ» ስለው ካቻቪቴ ይዞ ቢመጣ ከሥራ አባርረዋለሁ። ፒንሳ፣ ሴጌቶ፣ ሊማ፣ ባሌስትራ፣ ላሜራ፣ ፌሮ፤ ሁሉም የጣሊያን ናቸው፤ አንዱም በቀይ አይሰረዝም። ሊማን ገበሬው ሞረድ ይለዋል፤ ጥሩ አማርኛ ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን ሞረድ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከገጠር የመጣ ተብሎ ይሳቅበታል። ከሮም የመጣው ቃል ከተሜ፣ ከደሴ የመጣው ገጠሬ የሆነበት ምክንያት አልገባኝም።

ፊደል ጠባቂ፦
እኔም ይህን ነው የምለው። በ1928 ገብቶ በ1933 የወጣ ወራሪ ያወጣውን ስም እስከ ዛሬ እናከብራለን። አርበኞቹ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

ካቻቪቴ፦
አርበኞቹ ወራሪውን አባረሩ እንጂ ካቻቪቴውን አላባረሩም። መኪና ሲበላሽ በምን ሊፈቱት? ደግሞ ቃሉ በአምስት ዓመት ብቻ አልገባም። ጣሊያን ከወጣ በኋላም እዚህ የቀሩ መካኒኮች ነበሩ፤ ከአሥመራ የመጡ ባለሙያዎችም ሙያውን ከነስሙ አስተማሩን። የአስተማሪህን ስም ትጠራለህ፤ የዕቃውንም እንደዚያው።

ጠመኔ፦
እናንተ ራሳችሁ መለሳችሁት። ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ካቻቪቴ ይላል፤ ስለዚህ ይግባባል። እኔ ያልኩትም ከዚህ አይለይም።

የደሴዋ፦
እንደገና «ሁሉም»! መምህር፣ ይህን ቃል አንድ ቀን ፈልጌ ሥዕሉን እሠራለሁ። ከሥሩ ምን ብዬ እንደምጽፍበት ግን እርስዎን አልጠይቅም። እንዲያውም አዲስ አበባ ራሷ ካራ የሚባል ሰፈር አላት፣ ካራ ቆሬም አለ። ከተሜው በየቀኑ ታክሲ ላይ «ካራ! ካራ!» ሲባል እየሰማ ቃሉ አይታወቅም ይላል።

ሰላሌ፦
እኅቴ፣ እስከዚህ ድረስ ከአንቺ ጋር ነበርኩ። የሰፈሩ ካራ ከቢላዋ ጋር አይገናኝም። በኦሮምኛ ከራ ማለት በር፣ መግቢያ ማለት ነው። ከተማዋ መግቢያ ላይ መሆኑን ደግሞ ካርታ ላይ ማየት ይቻላል። የሰው አገር ስም በካራ አትቁረጭብን።

የደሴዋ፦
ይቅርታ፣ እኔ ምሳሌ ለማምጣት ነው እንጂ የማንንም ስም አልቆረጥኩም። ካራ ቆሬ የምትባለውን የደሴ መንገድ ከተማ ግን ማንም አይነግረኝም፤ በአውቶቡስ ሳልፍባት ነው ያደግሁት።

ሰላሌ፦
እሷም ብትሆን ኦሮምኛ የሚነገርባት ናት።

የቢቸና ሰው፦
በ1953 የመሬት መንቀጥቀጥ ያናወጣት ካራ ቆሬ ናት? ማጀቴን ያፈረሰው?

ሰላሌ፦
አዎ፣ እሷ ናት። ግን ከጉዳዩ ጋር ምን ያገናኘዋል?

የቢቸና ሰው፦
አያገናኘውም። የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ነው።

ከአሽዶድ፦
ሳነብ ቆየሁና አንድ ነገር ልበል። አባቴ ጎንደር አጠገብ ቀጥቃጭ ነበር። የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤሎቹ፣ ርስት ስላልነበራቸው እጃቸው ላይ የቀረው ወናፍና መዶሻ፣ ሸክላና ሽመና ነበር። ገበሬው ጠዋት መጥቶ ማረሻውን ያስሾላል፣ ማጭዱን ያስላል፣ ካራውን ያሠራል፤ ማታ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ቡዳ ይለናል። ካራ ይባል ቢላዋ ይባል ስትከራከሩ የሠሪውን ስም ያነሣ አንድ ሰው የለም። የሠሪው ስም ለየትኛውም አገር አንድ ነበር፦ ጠይብ። ለዚህ ቃል ሁሉም ይግባባ ነበር።

የቢቸና ሰው፦
ወንድሜ፣ ልክ ነዎት፤ ነውር ነበር። ዐፄ ምኒልክም ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረው ነበር።

ከአሽዶድ፦
ዐዋጁን አባቴም ሰምቶት ነበር። ጎረቤቱ ግን አልሰማም።

ምናለሽ ተራ፦
ዛሬም ያው ነው። ዕቃውን ከእጃችን ሲገዛ ይመርቀናል፤ ልጁ ቀጥቃጭ ሊያገባ ነው ሲባል ግን ሽማግሌ ይመልሳል። እዚህ ተራ ውስጥ ብትውሉ ትሰማላችሁ።

ፊደል ጠባቂ፦
ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ርዕሱ ስለ ስሞች ነው።

ከአሽዶድ፦
ጠይብም ስም ነው።

የቢቸና ሰው፦
ከማረሻ ጋር በተያያዘ እኔም አንድ ቅሬታ አለኝ። የከተማ ሰው፣ በተለይ በጥናት ላይ የሚጽፈው፣ ማረሻ ሲል ሙሉውን የእርሻ ዕቃ ማለቱ ነው። ገበሬ ማረሻ የሚለው ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ብቻ ነው። ግንዱ ሞፈር ነው፣ የሚጨበጠው ዕርፍ ነው፣ ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎች ድግር ናቸው፣ የብረቱ ቀለበት ወገል ነው፣ በሬዎቹ ጫንቃ ላይ የሚያርፈው ቀንበር ነው። አምስቱን ውጦ በአንዱ ስም መጥራት ነው «ሁሉም የሚግባባበት» የሚባለው? ገበያ ወጥቶ «ማረሻ ስጠኝ» ያለ ተመራማሪ አንድ ቁራጭ ብረት ይዞ ነው የሚመለሰው።

ጠመኔ፦
በእኔ ላይ ሁላችሁም ተነሥታችኋል፤ ይሁን። ግን ነገ ጠዋት ክፍል የምገባው እኔ ነኝ። እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ላድርግ? «ቢላዋ» ብዬ ጽፌ በቅንፍ «ካራም ይባላል» ልበል?

የደሴዋ፦
በቅንፍ? እናቴን ቅንፍ ውስጥ ሊያስገቧት?

ጠመኔ፦
እናትዎን አይደለም፤ ቃሉን።

የደሴዋ፦
ካቻቪቴ ከቅንፍ ውጭ፣ ካራ ቅንፍ ውስጥ። እሺ፣ ገባኝ።

ሰላሌ፦
መምህሩ ቢያንስ ጠየቁ። የልጅቷ አስተማሪ ግን ሳይጠይቁ ነው የሰረዙት። ጠባችሁ ከሌለ ሰው ጋር ሆኖ ያለውን ሰው ነው የምትደበድቡት።

ጠመኔ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ሰላሌ ተገኘ።

ካቻቪቴ፦
እኔ አልደበደብኩም፤ የጠየቅሁት መልስ ግን አልመጣም። ካቻቪቴ በአማርኛ ምንድን ነው?

ፊደል ጠባቂ፦
ካቻቪቴ።

ምናለሽ ተራ፦
የወሎ ነጋዴዎች ካላችሁ፣ ምሳር አሁን ደርሷል፤ እጀታውን ከወይራ አስቀርጬዋለሁ፤ አይነቃነቅም።

የቢቸና ሰው፦
እጀታ? እጀታ ለቢላዋ ነው። የምሳር ዛቢያ ነው የሚባለው። ይህን ያህል ዓመት ምሳር ሸጠው ዛቢያ አያውቁም?

ምናለሽ ተራ፦
አውቃለሁ። ዛቢያ ብል አዲስ አበባ ውስጥ ማን ይገባዋል?

የደሴዋ፦
ማን ይገባዋል? እርስዎም «ሁሉም» ጋ ገቡ?

ምናለሽ ተራ፦
ዛቢያም በሉት እጀታም በሉት፣ ዋጋው ያው ነው።

የቢቸና ሰው፦
ዋጋውን አልጠየቅሁም። ዛቢያ ነው።