ሰውን የሚተካከል ኤአይ መቼ ይደርሳል?

የመከራከሪያ ጥያቄ፦ ሰው በጭንቅላቱ የሚሠራውን ሁሉ የሚሠራ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት)፣ ኤጂአይ የሚሉት፣ መቼ ይመጣል? የጉግል ዲፕማይንድ መሥራች ዴሚስ ሃሳቢስ በ2025 ከ5 እስከ 10 ዓመት ብሏል። ስለ መጪው ቴክኖሎጂ በመተንበይ የታወቀው ሬይ ከርዝዋይል 2029 ካለ ቆይቷል። ታዋቂው የኤአይ ተመራማሪ ያን ለኩን ደግሞ እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትን የቋንቋ ሞዴሎች በማሳደግ ብቻ አይደረስም ባይ ነው። እናንተስ? ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ሀ፦ ከ2030 አያልፍም። በ2025 የኤአይ ሞዴሎች ከዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ 6 ጥያቄዎች 5ቱን ፈተዋል። ወርቅ የሚያሰጥ ነጥብ ነው። ያውም ሙሉ ማረጋገጫውን በተራ ቋንቋ ጽፈው። ከጥቂት ዓመት በፊት እኮ መደመር ያቅታቸው ነበር!

ለ፦ ቀስ በል ወንድሜ። ከኤአይ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ኸርበርት ሳይመንም በ1965 ማሽን በ20 ዓመት ውስጥ ሰው የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል ብሎ ነበር። ተራ ሰው አይደለም፣ ኋላ ኖቤል የተሸለመ ነው። 1985 መጥቶ ሄደ። የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ የተቆረጠ ነገር ነው፤ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። አዲስ ሠራተኛ ትናንት የተሳሳተውን ዛሬ አርሞ ይመጣል። ሞዴል ግን ሥልጠናው ሲያልቅ ትምህርቱም እዚያው ላይ ይቆማል።

ሀ፦ እሱም እየተሻሻለ ነው። ሜተር የተባለው የምርምር ተቋም በ2025 እንዳሳየው፣ ሞዴሎች ብቻቸውን የሚወጡት የሶፍትዌር ሥራ ርዝመት በየ7 ወሩ ገደማ እጥፍ ሆኗል።

ለ፦ ያ ልኬት እኮ ግማሹን ጊዜ ከተሳካ ይበቃል የሚል ነው። ከሁለት ሥራ አንዱን የሚያበላሽ ሠራተኛ ማን ይቀጥራል?

ሐ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2023 ኤአይ ኢምፓክትስ የተባለ የምርምር ቡድን 2,778 የኤአይ ተመራማሪዎችን ጠይቆ ነበር። ለከፊሎቹ የቀረበው፣ ማሽን ማንኛውንም ሥራ ከሰው በተሻለና በረከሰ ዋጋ የሚሠራው መቼ ነው የሚል ነበር። 50 በመቶ ዕድል የሰጡት ለ2047 ነው። ሌሎቹ ደግሞ ሙያዎች ሁሉ በማሽን ሊተኩ የሚችሉት መቼ ነው ተባሉ። የእነሱ 2116 ሆነ። ጥያቄው ያው ነው ማለት ይቻላል፣ ልዩነቱ ግን 69 ዓመት! እባካችሁ ዓመት ከመጥራታችን በፊት፣ ማሽኑ ምን ሲሠራ ነው ደረሰ የምንለው?

ሀ፦ ይሁን። አንድ ሰው አዲስ የቢሮ ሥራ በሚለምድበት ጊዜ ውስጥ፣ ማንም ሳይቆምበት ያንኑ ሥራ ለምዶ የሚሠራ። አሁንም 2030 ነው የምለው።

ለ፦ በዚህ መለኪያ እኔ ከ2045 በፊት አልጠብቅም። እየሠሩ መማርን ገና ማንም አልፈታውም።