የሶላር ፓምፕ ጨረታ፦ 70/30 ወይስ 40/60?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ዙሪያ ላለ የገጠር ቀበሌ የሶላር ውኃ ፓምፕ አቅርቦትና ተከላ ጨረታ ልናወጣ ነው። መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ነን፤ የግዥ መመሪያችን የቴክኒክና የዋጋ ድርሻን ለኮሚቴው ትቶታል። ግማሹ 70/30፣ ግማሹ 40/60 ይላል። ይህን ያህል ያጨቃጭቃል እንዴ?

ሒሳብ ይውጣ፦
ያጨቃጭቃል እንጂ! ተጫራች ሀ በቴክኒክ 92 አግኝቶ 2.4 ሚሊዮን ብር ጠየቀ እንበል፤ ተጫራች ለ ደግሞ 75 አግኝቶ 1.8 ሚሊዮን። የዋጋ ነጥብ ማለት ዝቅተኛው ዋጋ ለተጫራቹ ዋጋ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ነው፤ ሀ 75፣ ለ 100። በ70/30 (ቴክኒክ 70፣ ዋጋ 30) ሀ 86.9፣ ለ 82.5፤ ሀ ያሸንፋል። በ40/60 ግን ሀ 81.8፣ ለ 90፤ ተገለበጠ። ድርሻው ሰነዱ ላይ ታትሞ ካልወጣ አሸናፊውን የሚመርጠው ኮሚቴው ነው።

ቫትንም አትርሱ። የለ 1.8 ሚሊዮን ቫትን ሳይጨምር፣ የሀ 2.4 ሚሊዮን ግን ከነቫቱ ከሆነ፣ በለ ላይ 15 በመቶው ሲጨመር 2.07 ሚሊዮን ይሆናል፤ የሀ የዋጋ ነጥብም ከ75 ወደ 86.25 ይዘላል። የዋጋ ቅጹን ራሳችሁ አዘጋጁ፣ ለቫት የተለየ ዓምድ ይኑረው።

አቦ ተው፦
ነጥብ ለአማካሪ ግዥ ነው የሚያምረው። ለፓምፕ «ያሟላል/አያሟላም» ይበቃል፤ ካሟሉት ውስጥ ዝቅተኛው ዋጋ ይውሰድ። ይህ የሚሠራው ግን ዝርዝሩ በደንብ ሲጻፍ ነው። «ጥራት ያለው ፓምፕ» ብትሉ ሁሉም ያሟላል! በሰከንድ ስንት ሊትር፣ ወደ ስንት ሜትር ከፍታ እንደሚገፋ ጻፉ። የጉድጓዱን የላብራቶሪ ውጤት አያይዙ፤ የድሬ ውኃ ኖራው ጀበና ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ፓምፕ ውስጥም ይተዋል። የፓነሉ ዋት የተለካው በ25 ዲግሪ ነው፣ ከዚያ በላይ በየዲግሪው 0.3 እስከ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በእኛ ሙቀት የሚሰጠውን ስሌት ጠይቁ።

የከዚራ ልጅ፦
እሺ፣ የልምድ ማስረጃስ?

ሒሳብ ይውጣ፦
«ባለፉት 5 ዓመታት የተጠናቀቁ 2 ተመሳሳይ ተከላዎች፣ ከአሠሪው የርክክብ ደብዳቤ ጋር» በሉ። ውል ብቻ አትቀበሉ፤ የፈረመ ሁሉ አይጨርስም። ለአንዱ ጥያቄ የሰጣችሁትን መልስ፣ ስሙን ሳትጠቅሱ፣ ሰነድ ለወሰዱት ሁሉ ላኩ። መዝጊያውን ዓርብ ቀትር ላይ አታድርጉት፣ ጁምዓ ነው። ማክሰኞ ጠዋት 4፡00 ዘግታችሁ 4፡30 ተጫራቾች ባሉበት የቴክኒኩን ፖስታ ክፈቱ። የዋጋው ፖስታ እንደታሸገ ኮሚቴው ላዩ ላይ ፈርሞበት ካዝና ይግባ።